የዳንሳር ቆሎ

ጠጋ በሉ ልጆቼ። የሰልዋ መንግሥት ገና በዘጠኝ ነጋሪት በሚተዳደርበት ዘመን፣ ጉምባር የሚባል ክንፋም ዘንዶ ከሰማይ ወርዶ የምንጮችን ሁሉ እናት፣ የውሃውን ዕንቁ፣ ሰርቆ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ታላቁ የዘንጊ ወንዝ ደረቀ፤ ላሞች ድንጋዩን ይልሱ ጀመር። ጠቢባኑም «ዕንቁውን የወተት ጥርሱ ያልወለቀ ሕፃን ይዞ ይመልሰው። ሌላ ሰው ከነካው፣ ወይም የሕፃኑ ጥርስ መንገድ ላይ ከወለቀ፣ ዕንቁው ዐመድ ይሆናል» ብለው ተናገሩ።

በአደባባይ ከተሰለፉት ልጆች ያላለቀሰችው የስድስት ዓመቷ ትርንጎ ብቻ ነበረች። አጎቷ አያ ሸንቁጥ በበቅሎው ላይ ከፊቱ አስቀመጣት፤ ቀስተኛዋ ወለላም አብራቸው ሆና ሌላ መንገድ የለምና በደረቀው ወንዝ ሆድ ውስጥ፣ ጉምባር ወደሚኖርበት ወደ ዳንሳር አገር ተጓዙ።

አይ ዳንሳር! ቤቶቹ እንደ ቅል ከዛፍ ተንጠልጥለዋል። ሰዎቹ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጆሮ በመዳፉ ሸፈን ያደርጋል፤ ሰላምታቸው ነው። ውሾቹ ደግሞ አይጮኹም፣ ያፏጫሉ። ማን እንዳስተማራቸው ትርንጎ ቀኑን ሙሉ ስትጠይቅ ዋለች። አጎቷ ጥያቄዋን ሁሉ እንደ ንጉሥ ጥያቄ አክብሮ ይመልሳል፤ የማያውቀውን ይፈጥራል። እዚያ የምትወጣው ፀሐይ የማን እንደሆነች ብትጠይቀው፣ የኛዋ ናት፣ ናፍቀናት ተከትላን መጣች አላት። የውሾቹን ነገር ግን ሊፈጥርላት አልቻለም።

በአራተኛው ቀን የፊት ጥርሷ ተነቃነቀ። አጎቷ በምላሷ እንዳትነካው አስማላት፤ ምላስ ግን መሐላ ይሰማል እንዴ?

ከጉምባር ዋሻ ደረሱ። የወለላ ፍላጻ የጉምባርን ዓይን ሲያገኘው፣ ትርንጎ በክንፉ ሥር ተሳበች፤ አሁን እንደተጣለ እንቁላል የሚሞቀውን ዕንቁ በጉያዋ ይዛ ወጣች።

በመመለሻቸው የድንበሩ ጠባቂ አሮጊቷ እመት ራዝማ ቆመው ጠበቋቸው። በዳንሳር ለሚገባ እንግዳ ውሃ፣ ለሚወጣ ቆሎ ይሰጣል፤ ከመዳፋቸው ያልቆረጠመ የምድሩን ሰላም ንቋል። ቆሎው ደግሞ እንደ ጠጠር ነው። አጎቷና ወለላ ቆረጠሙ፤ ትርንጎ አፏን ገጥማ ቀረች።

እመት ራዝማ ነገሩን ሰምተው አዘኑ። «ልጄ፣ ጥርስሽን አየሁ፣ አዘንኩልሽም። ግን ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ቆሎው እስኪበላ ከናንተ አንድ ሰው እዚህ ይቀመጣል።»

አያ ሸንቁጥ ከበቅሎው ወረደ። ጎራዴውን መሬት ላይ አኖረና «በዘጠኙ ነጋሪት እምላለሁ፤ ይህች ልጅ እስክትመለስ ከዚህ ደጅ አልርቅም» አለ። ከዚያ ልጓሙን ለወለላ ሰጥቶ ወደ ትርንጎ ዘወር አለ። «ጥርስሽ ሲበቅል መጥተሽ ትቆረጥሚዋለሽ። እስከዚያ ውሾቹን ማን እንዳስተማራቸው እኔ እጠይቅልሻለሁ።»

ትርንጎ ዕንቁውን በምንጩ አፍ ባኖረችበት ቅጽበት ጥርሷ ወለቀ። ውሃውም እንደ ነጎድጓድ ወረደ፤ ሰልዋ በእልልታ ተናወጠች። እሷ ግን የመጡበት መንገድ በማዕበሉ ሥር ሲጠፋ አየች። ወለላ ፊቷን አዞረች። ያን ጊዜ ልጅቱ ገባት፤ ወንዙ ሲመለስ መንገዱ እንደሚዘጋ አጎቷ ያውቅ ኖሯል።

ያንን ውሃ የሚሻገር ታንኳ እስኪሠራ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። በመጀመሪያው ታንኳ የተሳፈረችው ትርንጎ ነበረች። የሚያፏጩት ውሾች ከሩቅ ተቀበሏት፤ ቤቶቹ ግን በልጅነቷ ካየቻቸው አንሰውባት ነበር። ከድንበሩ ደጅ፣ በእመት ራዝማ ቦታ፣ አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል፤ አጠገቡ የቆሎ ቁና አለ። ትርንጎ ተንበርክካ እጁን ሳመች፤ ከመዳፉ አንዲት ፍሬ አንስታ እያለቀሰች ቆረጠመች።

አያ ሸንቁጥ ሳቀ፤ ባፉ ውስጥ አንድ ጥርስ አልቀረም። ጆሮዋን በመዳፉ ሸፈን አደረገና «ጠየቅሁልሽ እኮ» አላት። «ውሾቹን ማንም አላስተማራቸውም። ሰዎቹ ናቸው ማፏጨት ከውሾቹ የተማሩት።»