ከይመር ጎን የተቀመጠችው

ጅን ምናምን ሲባል እኔ ሳቄ ነው የሚመጣው፣ ይህን ከመጀመሪያው እወቁልኝ። ወሎ ሳለሁ ጎረቤታችን አንድ ነገር ሰፈረባት ተብሎ ሰው ሲሰበሰብ እኔ ጥግ ይዤ የምታዘብ ነበርኩ፣ ካርቱም ከመጣሁም በኋላ የአሠሪዬ እናት የፈላ ውሃ መሬት ላይ አትድፊ፣ የማይታዩትን ታቃጥያለሽ ሲሉኝ እሺ ብዬ ዞር ሲሉ የምደፋ ሰው ነኝ። እኔ የማምነው የማየውን፣ የምነካውን፣ በተለይ ደግሞ የማሸተውን ነው፣ ባሏ ሌላ ሴት ሸትቶ የገባባት ሴት ምን ማመን እንዳለባት ማንም አያስተምራትም። ስለዚህ ፈሪ ናት አትበሉኝ፣ ቀናተኛ ናት ብትሉኝ ግን አልክድም።

ነገሩ የሆነው ጦርነቱ ሳይመጣ ነው። ከባለቤቴ ከይመር ጋር ካርቱም ቡሪ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር፣ እኔ አርካዊት ሰፈር አንድ ሰው ቤት እሠራለሁ፣ እሱ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚጠገኑበት ወርሻ፣ እኛ ጋራዥ እንደምንለው ማለት ነው፣ እዚያ የመካኒክ ረዳት ነበር። ትንንሽ ስላችሁ እነዚያን አፍንጫቸው ላይ አንድ ፕሮፔለር ያላቸውን፣ አራት ሰው ተጠጋግቶ የሚሄድባቸውን ነው። ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ይለኝ ነበር ይመር፣ አንዱ ትንሽ ይረዝማል፣ ያንዱ ሞተር ይበረታል እንጂ ሆድ ዕቃቸው አንድ ነው፣ የሚገድላቸውም በሽታ አንድ ነው።

አንድ ቀን ከነሱ አንዱ ከከተማ ውጭ በረሃ ላይ ወደቀና ስብርባሪው በጭነት መኪና ተጭኖ መጣ። ለምን እንደወደቀ የሚመረምሩት የወርሻው ኃላፊ ነበሩ፣ ሰው ሁሉ ባሽሙሃንዲስ የሚላቸው፣ ኢንጂነር ለማለት ነው፤ ይመር ደግሞ እየፈታና እያጠበ እንዲያቀርብላቸው ታዘዘ። ያን ሰሞን እራት ላይ ወሬያችን ሁሉ እሱ ሆነ፣ እኔም ሳልወድ ተማርኩ። አንዱ አቧራ አፍኖት ይወድቃል፣ አንዱ ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ገብቶበት፣ አንዱ በቀትር ሙቀት ከአቅሙ በላይ ጭነውት መነሳት አቅቶት። የዚህን ዘር በብዛት የሚጥለው ግን መርሳት ነው አለኝ። ቤንዚኑ ያለው በሁለቱ ክንፎች ውስጥ ነው፣ ሞተሩ የሚጠጣው ግን ካንዱ ብቻ ነው፣ አብራሪው በግራ ጉልበቱ አጠገብ ያለችውን እጀታ እየጠበቀ ካንዱ ወደ ሌላው ማዞር አለበት፣ ከረሳ አንዱ ክንፍ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተሩ በጥም ይሞታል። ይሄኛውም እንደዚያው ነው፣ ግራው ክንፍ ደረቅ፣ ቀኙ ሙሉ።

"ሁለት ጣት የምታህል መዞር ናት፣ ጦይባ" አለኝ፣ ጉርሻው እጁ ላይ እንዳለ። "እሷ ነግራዋለች እኮ።"

"እሷ ማን?"

ከአብራሪው ጎን የነበረችው አለኝ። አዲስ ሙሽራ ናት፣ ወደ ባሏ ስትሄድ ነው፣ እጀታዋ ከአብራሪው ወዲያ ስለሆነች እጇ አይደርስም፣ አዙር፣ አዙር እያለችው አብረው ወደቁ። እንባዬ መጣ፣ ወላሂ፣ አለቀስኩላት። ማን ነገረህ ብዬ መጠየቅ ግን ያን ለት አልመጣልኝም።

ሽታው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኹምራ ታውቁ እንደሆነ፣ የሱዳን ባለትዳሮች ከሰንደልና ከቅርንፉድ አድርገው ለባላቸው ብለው የሚያዘጋጁት ሽቶ ነው፣ ያላገባች አትቀባውም፣ ገበያ ስትወጣም የምትረጨው አይደለም፣ የመኝታ ቤት ሽታ ነው ብላችሁ ያዙት። እኔ ለአሠሪዬ ሲዘጋጅ ቅርንፉዱን የምወቅጥ ስለሆንኩ ከሺህ ሽታ መሐል እለየዋለሁ። ይመር ድሮ ሲገባ ግራሶና ቤንዚን ነበር የሚሸተው፣ አሁን ኮሌታው ኹምራ መሽተት ጀመረ። ከየት መጣ ስለው ሳያፍር፣ ከስብርባሪው ነው፣ ውስጡ ይሸታል አለኝ። እስቲ አስቡት፣ ከወደቀ ብረት!

እመኑኝ፣ ቅናት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ሸሚዙን ከማጠቤ በፊት አሸታለሁ፣ አጥቤም አሸታለሁ። በረኪና የበላውን እጄን አየውና ያቺ ሴት ምን ዓይነት እጅ ይኖራት ይሆን እላለሁ። አንድ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ሸለብ ሲያደርገው "ሐዊል፣ ሐዊል" ሲል ሰማሁት፣ በዐረብኛ ቀይር፣ አዙር ማለት ነው፣ አባባሉ ግን የሥራ አልነበረም፣ ለስለስ ያለ ነበር፣ እኔን እንደዚያ አድርጎ ጠርቶኝ አያውቅም። ስለ ሟቿ ሲያወራም አነጋገሩ እየተቀየረ መጣ፣ ሳቂታ ናት ይለኛል፣ ነበረች ሳይሆን ናት፣ ሂናዋ እስከ ክርኗ ነው ይላል። እኔም ሟቿን ሽፋን አድርጎ በሕይወት ስላለችው ነው የሚያወራልኝ ብዬ ደመደምኩ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትደመድሙ ነበር?

ከዚያ አንድ ጁምዓ፣ ወርሻው በሚዘጋበት ቀን፣ ሥራ አለኝ ብሎ ወጣ። ትንሽ ቆየሁና ርክሻ፣ ባጃጅ ማለት ነው፣ ይዤ ተከተልኩት። መንገድ ላይ ሳለን ሀቡብ ተነሳ፣ የካርቱምን የአቧራ ማዕበል ያላየ ሰው ስነግረው አይገባውም፣ ሰማዩ እንደ ጡብ ቀላ፣ ቀኑ ጨለመ፣ ባለርክሻው ያላ ውረጂ፣ ከዚህ ወዲያ አልሄድም ብሎ በሩ ላይ ጥሎኝ ዞረ። የወርሻው ዘበኛ አም ባቢክር ምሳ ሳመጣ ስለሚያውቁኝ፣ ያ ቢቲ፣ ልጄ ሆይ፣ ቶሎ ግቢ ብለው ከፈቱልኝ። ይመር ከማን ጋር ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ብቻውን ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ሰው አላስገባሁም አሉኝ። እሳቸውንም ቢሆን ተባባሪ ነህ ብዬ በሆዴ ሰደብኳቸው።

ወርሻው ውስጥ ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንገጫግጨዋል፣ አቧራው በየስንጥቁ ይገባል። በዚያ ሁሉ መሐል ግን የይመርን ድምፅ ሰማሁ፣ በዐረብኛ ቀስ ብሎ ያወራል፣ ዝም ይላል፣ ሰው ሲመልስለት እንደሚያዳምጥ፣ ደግሞ ያወራል። አውሮፕላኑ ክንፎቹ ተነቅለው እንጨት ላይ ተቀምጧል። ይመር በአብራሪው ቦታ ነበር። ከጎኑ፣ በተሰነጠቀው መስኮት በኩል፣ ብርቱካንማ ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ማለቴ ነው፣ የለበሰ ትከሻ አየሁ፣ ወደሱ ዘንበል ያለ። ሂና የተቀባች እጅ ተነሳችና የቶቧን ጫፍ ወደ ራሷ መለሰች። በዓይኔ በብረቱ አየሁ።

ፍርሃት የሚባል አልነበረብኝም፣ ደሜ ፈልቶ ነበር። እነዚህ አውሮፕላኖች ያላቸው በር አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በቀኝ በኩል ነው፣ በእሷ በኩል። ከዚያ የሚወጣ ሰው በእኔ ላይ ካልሆነ በሌላ መውጫ የለውም። ሄጄ በሩን በሁለት እጄ በረገድኩት።

ከጎኑ ማንም የለም።

ወንበሩ ትራሱ ተገፎ አጽሙ ብቻ የቀረ ብረት ነበር። ሽታው ግን ፊቴ ላይ መጣብኝ፣ እንደ ሰው። ይመር ዞሮ አየኝ፣ ሊከለክለኝ እጁን ዘረጋ፣ እኔ ግን የት ደበቅሃት እያልኩ ገብቼ እዚያ ብረት ላይ ቁጭ አልኩ። ብረቱ ይሞቃል። የፀሐይ ሙቀት አልነበረም፣ ፀሐይማ ከጠፋች ቆይታለች፣ ሰው ተቀምጦበት አሁን የተነሳ ወንበር ዓይነት ሙቀት ነው።

"እጀታዋን አዙሪላት" አለኝ ይመር፣ ፊቱ በላብ ርሷል። "እኔ ሳዞራት ትመለሳለች።"

እጀታዋ ጋ ለመድረስ በእሱ ላይ ተንጠራራሁ፣ ብሞክርም አልደረስኩም፣ እሱ ወደ ኋላ ተለጥጦ ቦታ ሲለቅልኝ ነው የደረስኩት። ወደ ቀኝ አዞርኳት፣ ጠቅ ብላ ስትገባ በጣቴ ተሰማኝ፣ እጄን አነሳሁ። የይመር ሁለቱም እጆች ጉልበቱ ላይ ነበሩ፣ አየኋቸው። እጀታዋ ቀስ ብላ፣ አንድ ሰው በትዕግሥት እንደሚያዞራት፣ ወደ ግራ ተመለሰች። ጠቅ። ከኋላዬ፣ ከባዶው የኋላ ወንበር፣ ሴት እንደመሳቅ ብላ ትንፋሿን ስትለቅ ሰማሁ፣ ወላሂ ሰማሁ፣ ነፋስ ነው ለሚለኝ ነፋስ እንዴት እንደሚነፍስ እኔም አውቃለሁ።

ይመርን በሸሚዙ ጎትቼ ያን አቧራ ውስጥ አወጣሁት። ሥራውን ልቀቅ አልኩት፣ ለቀቀ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔም እረሳው ነበር። ምስኪን ሟች ናት፣ ነፍሷ አላረፈችም ብዬ በየሶላቴ ዱዓ አደርግላት ጀምሬ ነበር፣ ቅናቴም ቀዝቅዞ ነበር። በኋላ የይመርን ዕቃ ልወስድ ወርሻው ስሄድ ባሽሙሃንዲስን አገኘኋቸው፣ ምርመራው አልቋል፣ እንደሌሎቹ ሁሉ ነው፣ አብራሪው ማዞሩን ረሳ አሉኝ። አላህ ይማራቸው፣ በተለይ ሙሽራይቱ ታሳዝናለች አልኳቸው።

ግራ ተጋብተው አዩኝ።

"ምን ሙሽራ?" አሉ። "ከአብራሪው ጋር የነበረው አንድ የግመል ነጋዴ ነው። ሴት አልተሳፈረችም።"

ቤት ገብቼ ይመርን ጠየቅኩት፣ ሙሽራ ናት ብሎ የነገረህ ማነው አልኩት። ራሷ ናት አለኝ። ማን ናት ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከሟች ጋር ቢሆን አዝኜላት እተወው ነበር፣ አሁን ግን በማን ላይ እንደምቀና እንኳ አላውቅም፣ ስም የላት፣ ቀብር የላት፣ ሄጄ ፀጉሯን የምነጫት አይደለችም።

ዛሬ እዚያው ካርቱም፣ ካላክላ የሚባል ሰፈር ነን፣ ጦርነቱ ስንቱን ሲበትን እኛን አልወሰደንም። አሁን እዚህ ሰማይ ላይ እንደ ትንሽ ሞተር የሚያጉረመርም ነገር ሲሰማ ድሮን ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ከግድግዳ ሥር ይለጠፋል፣ እኔም ከዚያ ወዲህ የወለድነውን ልጃችንን አቅፌ በላዩ እተኛለሁ። ይመር ግን ተነስቶ ወደ ግቢ ይወጣል። ግባ እያልኩ እለምነዋለሁ፣ አይሰማኝም፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ድምፁ እስኪቋረጥ ይጠብቃል። የሚያስፈራኝ ቦምቡ እንዳይመስላችሁ። ድምፁ ቀጥ ሲል፣ ልክ ሞተሩ በጥም እንደሞተ ሁሉ፣ በበሩ ስንጥቅ ፊቱን አየዋለሁ፣ ፈገግ ይላል፣ ያን ፈገግታ እኔ አንድ ቀን አግኝቼው አላውቅም።