ሙሽራዋ ከጋራዥ የወጣች ቀን

ሰፈሩ ለሁሉም ስም ያወጣል። ሆስፒታል ውስጥ ለታካሚ ማደንዘዣ የምትሰጠውን ልጅ «ማደንዘዣ» አላት። አባቷ ጋራዥ ውስጥ ሲገጣጥማት የኖረውን መኪና ደግሞ «ሙሽራዋ» አላት፤ ሁልጊዜ ትኳላለች፣ ሁልጊዜ ትሰናዳለች፣ ከቤት ግን አትወጣም።

ሙሽራዋ የመጣችው በሣጥን በሣጥን ተከፋፍላ ነበር። አባትየው ጡረታ በወጣ ማግስት አስመጣትና በመመሪያ እየተመራ ሞተሯን ከሻንሲዋ፣ ሻንሲዋን ከአካሏ ሲያዛምድ ከረመ። ዝቅ ያለች፣ ጣሪያ የሌላት፣ ባለ ሁለት ወንበር ቀይ መኪና ናት። ለሚስቱ «በዚች ሐይቅ ዳር እወስድሻለሁ» ብሏት ነበር። የጭስ ማውጫዋን ሳይገጥም ልቡ ቀጥ አለች።

ልጅቱ አላለቀሰችም። ቀብሩ ላይ ሰው ዓይን ዓይኗን ሲያያት እሷ የቀባሪውን የጫማ ክር ነበር የምታየው፤ ተፈትቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓለም ሁሉ ከወፍራም መስታወት ማዶ ሆነባት። ትበላለች፤ ምን እንደበላች ግን አታውቅም። «ሰው ስታደነዝዝ ኖራ የራሷ መርፌ ወጋት» ይሏታል ጎረቤቶች፣ እሷ በማትሰማበት ድምፅ፣ ማለትም በደንብ እየሰማች።

አጎቷ ጋራዡን ለሱቅ ማከራየት ፈልጓል። ቅዳሜ ጠዋት የቁርጥራጭ ብረት ገዢው የጭነት መኪና እንደሚመጣ ነገራት። «ከዚያ በፊት በራሷ ጎማ ከወጣች እሰየው» አለ፤ አትወጣም ማለቱ ነው። እናትየው ይህን ሰምታ ወደ ክፍሏ ገባች። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ልጅቱ ምንም ባይሰማትም፣ የዚያ በር ነገር አልተዋጠላትም።

ስለዚህ መመሪያውን ገልጣ የጭስ ማውጫውን ራሷ ገጠመች። በሙያዋ የተያዘ ነገር በደንብ ይያዛልና ያገኘችውን ብሎን ሁሉ በየተራ እስኪያቅታት አጠበቀች። ሞተሩ ሲነሣ መኪናዋ ብርድ እንደገባው ሰው ጥርሷን አንገጫገጨች፤ ቧንቧው ከአካሏ ጋር ይላተማል። ይባስ ብሎ ቤንዚን በጀሪካን ሲቀዳላት ሁለት ጉንጭ ትውጥና መልሳ ትተፋለች፣ መድኃኒት እምቢ እንዳለ ሕፃን።

በያጅ ተጠራ። የሚሠራው የጭስ ማውጫ ብቻ ስለሆነ ሰፈሩ እሱንም አልማረውም፤ በጋራዥ አፍ የጭስ ማውጫው በሚጠራበት ስም «ማርሚታው» ይባላል። መኪናዋ ሥር በጀርባው ገባና ብሎኖቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ።

«ይህን ማን አጠበቀው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። በደንብ።»

«እሱ ነዋ ጉዱ። የጭስ ማውጫ ሲገጥሙ መጀመሪያ ምንም አያጠብቁም። ሁሉም በእጅ ብቻ፣ ለቀቅ ተደርጎ ይንጠለጠላል። ይተዋወቁ። ከዚያ ከሞተሩ ጀምረው ወደ ጭራው ያጠብቃሉ። አንዱን ቀድመው ካከረሩት ሌላው ዕድሜውን ተጣሞ ይኖራል።»

«ስለ መኪናዋ ነው የምታወራው?»

«ለጊዜው» አለ ከሥር።

ቧንቧውን ከፍ አድርጎ የሚይዝለት ሰው ስላስፈለገ እሷም ገባች። «ትንሽ ወደ እርስዎ፣ ትንሽ ወደ እኔ» ይላታል። አንድ ብሎን ከጣቱ ሲያመልጥ «ያዢልኝ» አላት። ብሎኑን ፈልገው አገኙት፤ አንቱታውን የፈለገው ግን አልነበረም። ክንዱ ክንዷን ሲነካት ወሬው ደረሳት፣ ስሜቱ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

አጎቷ ደግሞ የሚደርስበትን ሰዓት ያውቅበታል። ሮጦ ሄዶ በጠራራ ፀሐይ ከአንድ መኪና ሥር አራት እግር ማየቱን ለእናትየው ነገራት። እናትየውም «ሁለቱን እኔ ነኝ የወለድኳቸው። የሌሎቹ ጫማ ተጠርጓል?» ብላ ጠየቀችው ይባላል።

ዓርብ ከሰዓት የጭስ ማውጫው ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። ቤንዚኑ ግን እምቢ አለ። ማርሚታው የመሙያውን አንገት ቆርጦ አሰፋ፣ ቱቦውን አቀና፤ ሙሽራዋ አሁንም ትተፋለች። ሁለቱም ባዶ ሣጥን ላይ ተቀመጡ።

«የጭስ ማውጫው እኮ ረቡዕ ሊያልቅ ይችል ነበር» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«አውቃለሁ።»



«አሁን ምንም አይሰማኝም» አለችው። «አንተ ስለሆንክ አይደለም። ማንም፣ ምንም።»

«መርፌው እስኪለቅ ምን ያህል ይፈጃል?»

«እንደ ሰውየው ነው።»

«እኔ እንደሆን ሥራ የለኝም» አለ። ውሸቱን ነው፤ ሱቁ በር ላይ የሚጠብቁት መኪኖች መንገድ ዘግተዋል።

ለመጨረሻ ጊዜ እንሞክር ብለው እሱ ጀሪካኑን ሲያዘነብል ጆሮዋ ቆመ። ያ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ የማታውቀው አይደለም፤ አየር መንገዱ የተዘጋበት ታካሚ ድምፅ ነው። ቤንዚኑ እንዲገባ ውስጥ ያለው አየር መውጣት አለበት። ታዲያ በየት ይወጣል? ከታንከሩ አናት የተነሣውን ቀጭን የጎማ ቱቦ በጣቷ እየተከተለች ከወንበሩ ጀርባ ደረሰች። ጫፉ በቡሽ ተወትፎ፣ ቡሹ በሰማያዊ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በሽቦ ታስሯል።

እናትየው ውሃ ይዛላቸው ስትገባ ጨርቁን አየች።

«ሻሼ» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የቤንዚኑ ሽታ ትራሴ ድረስ ገባ ብላ ባሏን ተቆጥታው ነበር። በማግስቱ ሽታው ጠፋ፤ ሻሿም ጠፋ። ባልየው ነፋስ ወሰደው አላት። እሱ ሞተሩን ለመሞከር ያህል ቤንዚን ጠብ ብቻ ስለሚያደርግላት፣ ለሚስቱ ሲል መኪናዋን እንዳነቃት እንኳ ሳያውቅ ሄደ።

«አይ ውሸታም» አለች እናትየው። ሣቀች፤ ሣቋ መሐል ላይ ተሰበረባት። ልጅቱ አቀፈቻት። አሁንም መስታወቱ አለ፤ ጠርዙ ላይ ግን ትንሽ ውርር የሚያደርግ ነገር ነበር።

ቱቦውን አስረዝመው ጫፉን ወደ ውጭ፣ ወደ መሬት አወጡት። ሙሽራዋ ቤንዚኗን ጭልጥ አድርጋ ጠጣች።

ቅዳሜ የብረት ገዢው የጭነት መኪና በሩ ላይ ቆሞ አጎትየው እያስተናበረ ሳለ ጋራዡ ተከፈተ። ልጅቱ መሪ ጨብጣለች፤ እናትየው አጠገቧ ተቀምጣ ሰማያዊውን የሻሽ ቁራጭ የእጅ አንጓዋ ላይ አስራለች። አጎትየው የጭነት መኪናውን «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ» ከማለት ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ሰፈሩ እልል ሊል ምንም አልቀረው። መኪናዋ ሦስተኛ ወንበር ስለሌላት ማርሚታው በሩን ይዞ ቀረ።

ከሐይቁ ሲመለሱ እዚያው በሩ ላይ አገኙት። እናትየው በእሱ በኩል ተደግፋ ወረደች። ልጅቱ በሌላው በኩል እግሯን ስታወጣ ባቷ በጎን የተዘረጋውን የጋለ ቧንቧ ነካ። ጮኸች።

ዞሮ መጥቶ ተንበረከከ፤ መሐረቡን በውሃ ነክሮ ባቷ ላይ አደረገላት፣ በሌላው እጁም እጇን ያዘ።

«ያምሻል?»

ሰዎችን ይህን ስትጠይቅ ነው የኖረችው፤ ደስ የሚላትም «አያምም» ሲሏት ነበር።

«ያማል» አለች። «በጣም ያማል።» እንባዋም መጣ፤ ለአንዲት ባት የሚበዛ፣ ለአንድ አባት ግን የማይበቃ እንባ።

«ለቧንቧው መከለያ ልሠራለት ይገባ ነበር» አለ።

«ለምን አልሠራህም?»

«የምመለስበት ሰበብ ልተው ብዬ።»

«ነገ ና» አለችው እያለቀሰች። «ግን መጀመሪያ ምንም አናጠብቅም።»

«በእጅ ብቻ» አለ፤ እጇን ግን አልለቀቀም።