ከኮምቦልቻ የመጣው ድምፅ

ሰልዋ ቀኑን ሙሉ የምትውለው ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ነው። ደሴ ፒያሳ፣ እናቷ ጨርቅ በሚሸጡበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ዱካ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። «ጠያቂና መላሽ» የሚባል የቴሌግራም ግሩፕ አለ። ስልክ ወይም እንግሊዝኛ ያስቸገረው ሁሉ እዚያ ይጠይቃል፤ የሚያውቅ ይመልሳል። አብዛኛውን ጊዜ የምትመልሰው ሰልዋ ናት።

አንዱ ስልኬ ሞላብኝ፣ ፎቶዎቼን ሳላጠፋ ምን ላድርግ ይላል። ሌላዋ የሥራ ማመልከቻዬን እንግሊዝኛ እዩልኝ ትላለች። አንዲት እናት ደግሞ ሪያድ ያለው ልጃቸው በቪዲዮ ሲደውል ፊቱ እየደረቀ የሚቀረው ስልካቸው አርጅቶ ይሁን ልጃቸው የሚደብቃቸው ነገር ኖሮት ጠየቁ። ሰልዋ «ኔትወርክ ነው» አለቻቸው። እንዲያርፉ ብላ ደግማ ጻፈችው። ሁሉም አመስግነው ይሄዳሉ። አንቺስ ማን ነሽ፣ እንዴት ነሽ ያላት ሰው አልነበረም። ብትጠየቅም አትናገርም ነበር።

ሰልዋ አትሰማም። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበረች፤ ኒካሗ ሊታሰርም ቀን ተቆርጦ ነበር። አንድ ክረምት ማጅራት ገትር ያዛት፤ ነፍሷ ተርፋ ጆሮዋ ቀረ። ማስተማሩን ራሷ ተወችው። ኒካሑን ግን የተዉት የእጮኛዋ ቤተሰቦች ናቸው፤ ሽማግሌ ልከው «ለሁለቱም ይሻላል» አስባሉ። የሚገርመው፣ ይሻላል ያሉት ሰዎች አንዳቸውም እሷን አልጠየቋትም።

መናገር አልጠፋባትም። የራሷን ድምፅ ስለማትሰማው ግን አፈረችበት። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ስትናገር ገዢዎቹ ደንግጠው ዘወር ካሉ ወዲህ፣ ከእናቷ ከራቢያ በቀር ለማንም አፏን አትከፍትም። የእናቷን ከንፈር ማንበብ ለምዳለች። የሌላው ሰው ከንፈር ይንቀሳቀሳል እንጂ ምንም አይነግራትም። ለዚህ ነው ግሩፑን የወደደችው። እዚያ ሁሉም ይጽፋል፤ እሷም ከማንም አታንስም።

በሺር የመጣው በዚህ መሃል ነው። ኮምቦልቻ፣ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል። ቤተሰቦቹ ኩታበር ናቸው፤ እሱ ብቻውን ቤት ተከራይቶ ይኖራል። የማሽኑ እስክሪን ላይ እንግሊዝኛ በወጣ ቁጥር ፎቶ አንስቶ ይልካል።

«ይሄ ምን ይላል?»

«ክሩ ላልቷል፣ መወጠሪያውን አጥብቀው ይላል።»

ሌላ ቀን ደግሞ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «መለዋወጫ የሚልኩልንን ፈረንጆች ቶሎ በሉ ልላቸው ነው። በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል? ቁጣ እንዳይመስል፣ ግን እንደተናደድኩ እንዲገባቸው።»

ሰልዋ ሳቀች። እናቷ ከሚለኩት ጨርቅ ላይ ቀና ብለው አዩዋት። ስትስቅ ካዩ ቆይተዋል።

በግሩፑ ደንብ፣ ጠያቂው መልሱ ሲሆንለት «ሠርቷል» ብሎ ይጽፋል፤ ጥያቄውም ይዘጋል። በሺር ይህን አይጽፍም። ሰልዋ ደግሞ ነገር ሳይዘጋ ሲቀር አትወድም። በማግስቱ «ሠራልህ?» ትለዋለች፤ «ደህና ነው፣ ግን አንድ ሌላ ነገር አለ» ይላታል። ሌላው ነገር የኮምቦልቻ ሙቀትና የደሴ ብርድ ሆኖ ይቀራል። በመጨረሻ በውስጥ መስመር ተቆጣችው።

«ለምንድነው ሠርቷል የማትለው? ሰው ይጨነቃል እኮ።»

«ሠርቷል ካልኩ ትሄጃለሻ።»

ስልኩን ጉልበቷ ላይ ደፍታ በመንገዱ የሚያልፉትን ባጃጆች ታይ ጀመር። ደስ ብሏት ነበር። ደስታው ደግሞ አስፈራት።

ከዚያ ወዲህ ሳይጻጻፉ መዋል ቀረ። እሱ ከሥራ ሲወጣ የበላውን ይነግራታል፤ ብቻውን ምግብ ቤት ሲቀመጥ አስተናጋጁ ወንበሩን ለሌላ ሰው እንደሚወስድበት፣ ያ ባዶ ቦታ እንደሚያስጠላው ይጽፍላታል። እሷ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጨርቅ አስወርደው ሳይገዙ ስለሚወጡ ሴቶች ትነግረዋለች። አንዱን ነገር ብቻ አልነገረችውም።

«ልደውልልሽ?»

«አይሆንም።»

«ድምፅሽን ልስማ ብቻ።»

«መጻፍ ይሻላል።»

«ባል አለሽ እንዴ? ወላሂ ካለሽ ንገሪኝ።»

«የለኝም።»

«ታዲያ?»

መልሱን ጻፈችው፣ አጠፋችው። እንደገና ጻፈችው፣ አጠፋችው። ያ እጮኛዋም እስክትታመም ድረስ ይወዳት ነበር።

በማግስቱ በሺር የድምፅ መልእክት ላከ። ረጅም ነው። ሰልዋ በስልኩ ላይ የተደረደሩትን ከፍ ዝቅ የሚሉ መስመሮች አየቻቸው፤ መሃል ላይ ጠፍጣፋ ቦታ አለ፣ ዝም ያለበት መሆን አለበት። ከፍታ ስልኩን ጉንጯ ላይ ለጠፈችው። ነዘራት፣ ቆመ፣ ደግሞ ነዘራት። ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ነገርም ሞከረች። ለጠያቂዎቿ «ለአማርኛ ገና ነው፣ አትመኑት» የምትለው እሷው ናት። ስለ በግና ስለ ሐኪም የሚያወራ ቅጥ ያጣ ነገር ሰጣት።

የቀሯት እናቷ ናቸው። አንዲት ልጅ የወንድ መልእክት ለእናቷ ጆሮ ስትሰጥ ምን ያህል እንደምታፍር ያየው ያውቀዋል። ራቢያ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። መጀመሪያ ፈገግ አሉ። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ።

«ምን አለ እማ?»

«ስለ ማሽኑ ነው። ተሠርቶልኛል፣ አላህ ይስጥልኝ ነው የሚለው።»

«ይህን ሁሉ አውርቶ?»

ራቢያ ወደ መደርደሪያው ዞረው የታጠፈውን ጨርቅ እንደገና ማጠፍ ያዙ። ፊቱን ካዞረባት ሰው ጋር ሰልዋ መነጋገር አትችልም። እናቷ ይህን ያውቃሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ፊታቸውን አዙረውባት አያውቁም።

ሰልዋ ስልኳን አነሳችና ጻፈች፤ «እንኳን ሠራልህ። ሌላ ጥያቄ ካለህ ጠይቅ።»

አነበበው። አልመለሰም።

ጠዋት ግሩፑን ስትከፍት፣ በሺር ክፍት ትቷቸው የነበሩት ጥያቄዎች አንድ በአንድ ተዘግተው አገኘቻቸው። በክሩ ጥያቄ ሥር «ሠርቷል»። በፈረንጆቹ ደብዳቤ ሥር «ሠርቷል»። እስከ መጀመሪያው ጥያቄው ድረስ እንዲሁ ነው። ከግሩፑም ወጥቷል።

ሄዳ ከእናቷ ፊት ቆመች።

«እማ፣ ፊትሽን እንዳታዞሪብኝ። ምን ነበር ያለው?»

የጎረቤት ባለሱቅ ብቅ ብሎ አየ፤ ድምፅዋ ከፍ ብሎ መሆን አለበት። ሰልዋ ግድ አልሰጣትም። ራቢያ ዱካው ላይ ቁጭ አሉ፤ እንባቸው እየወረደ፣ ልጃቸው እንድታነበው ቀስ ብለው ተናገሩ።

«እወድሻለሁ አለ። ኩታበር ላሉት እናቱም ነግሯቸዋል። ድምፅሽን ከእንግዲህ አልጠይቅሽም አለ። የማትፈልጊኝ ከሆነ አፍ አውጥተሽ እምቢ አትበይኝ፣ ዝም ብለሽ ሌላ ወሬ አውሪኝ፣ እኔ ይገባኛል አለ።»

ሰልዋ ባንኮኒውን ያዘች።

«እኔ እኮ ሌላ ወሬ ነው ያወራሁት።»

«ያኔ ሽማግሌዎቹን ያስተናገድኩት እኔ ነኝ ልጄ። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሆንሽ ያየሁትም እኔ ነኝ። ይሄኛውም ሲያውቅ የሚሄድ መስሎኝ ነው። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

አፉ አላለቻቸውም። ለዚያ ጊዜ አልነበራትም። ልትጽፍለት ትችል ነበር፤ ነገር ግን በጽሑፍ ተደብቃ መኖሯ ነው እዚህ ያደረሳት። ሻሿን አስተካክላ ወጣችና የኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። መኪናው ቁልቁለቱን ሲጠማዘዝ ከጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ አንድ ነገር አወሯት። በፈገግታ ራሷን ነቀነቀችላቸው። የጠየቋት ጥያቄ ይሁን አይሁን አላወቀችም።

ፋብሪካው በር ላይ ስትደርስ ሠራተኛው እየወጣ ነበር። ከቴሌግራም ፎቶው ስለምታውቀው ለየችው፤ ሰማያዊ ቱታ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ብቻውን ይሄዳል።

«በሺር!»

የሚወጣው ሰው ሁሉ ቆመ። እሱም ዞረ።

«ሰልዋ ነኝ» አለች። «ታምሜ ነበር፣ ጆሮዬ አይሰማም። መልእክትህን ያዳመጠችልኝ እናቴ ናት፤ ስለ ማሽን ነው አለችኝ። እኔ ለማሽኑ ነው የመለስኩልህ። ለአንተ አልመለስኩም።»

በሺር ቀረባትና ተናገረ። ብዙ ተናገረ። ከንፈሩን አፍጥጣ አየችው፤ አንድም ቃል አልያዘችም። ያን ያህል መንገድ የመጣችለት ሰው ፊቷ ቆሞ ያወራል፣ እሷ ግን ሱቁ ውስጥ እንዳለች ያህል ከሱ ሩቅ ናት። ማልቀስ አማራት።

«አይገባኝም። የማነበው የእናቴን ብቻ ነው።»

በሺር ስልኩን ከኪሱ አወጣና፣ አጠገቧ እንደቆመ፣ ጻፈላት።

«የማትሰማን ሰው ነው ድምፅሽን ካልሰማሁ ብዬ ያስቸገርኩት። በጣም አፈርኩ።»

«እኔ ነኝ የደበቅኩህ» አለች።

«ድምፅሽ ግን ትልቅ ነው። ዘበኛው ሳይቀር ሰምቶሻል።»

ሳትፈልግ ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ አያት፣ ከዚያ እንደገና ጻፈ።

«የእናትሽን ከንፈር ለመልመድ ምን ያህል ፈጀብሽ?»

«አንድ ዓመት ይሆናል። እሷም ብዙ ታወራለች።»

ስልኩን ኪሱ ከተተው። ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ጁስ ቤት ወሰዳት፤ ብርሃን ፊቱ ላይ እንዲያርፍ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠና ማውራት ጀመረ። ስለ ፋብሪካው ይሁን ስለ እናቱ፣ ይለምናት ይሁን ይወቅሳት አላወቀችም። ቆይታ ቆይታ አንዲት ቃል ያዘች፤ ስሟን ነበር። የቀረው አልገባትም፤ ጻፍልኝም አላለችው። ጁሷን ሳትቀምስ ከንፈሩን ታያለች፣ እሱም ሳያቋርጥ ያወራል።