የተሰቀለው ታኮ

ሟቹን ከአውቶቡሱ ጎማ ሥር ሲያወጡት ካሳሁን ዐይኑን ጨፍኖ ነበር። ሠላሳ ዓመት መሪ ሲጨብጥ ሰው ቀርቶ ዶሮ ገጭቶ አያውቅም። አሁን ግን ሣሩ ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ አንድ ወጣት ፖሊስ እንዳያመልጥ ቆሞ ይጠብቀዋል። ወዴት ሊያመልጥ ኖሯል?

ጊዜው 2007 ዓ.ም.፣ ጥቅምት፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። በፌስቡክ የተጠራሩ ሃያ ሁለት ወጣቶች፣ አብዛኞቹ በዚያው ዕለት የተዋወቁ፣ ቦርሳቸውን አዝለው ከሳሪስ አቦ ተሳፈሩ። ካሳሁን አቃቂን አሳልፎ የአባ ሳሙኤል ሐይቅ ቁልቁል ከሚታይበት ኮረብታ ላይ አወጣቸው። መንገድ ላይ የቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሲደርሱ እንደ ልማዱ ፊቱን አዞረ። ያ በር ያስፈራዋል። ሹፌር ከዚያ በር የሚርቀው በአንዲት ቅጽበት ብቻ ነው ብሎ ያምናል።

ከተሳፋሪዎቹ አንዱን ያውቀዋል። ሰውየው ግን ሲሳፈር ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ «እንደማያውቁኝ ይሁኑልኝ» ስላለው እንደ ባዳ አሳፈረው። ማንነቱን ካሳሁን እስኪናገር ድረስ እኛም አፋችንን እንያዝ።

ኮረብታው ላይ ቁርስ ተበላና ብዙዎቹ ወደ ሐይቁ ወረዱ። አምስት ሰዎች ወደ ኋላ ቀሩ፤ የጉዞው አስተባባሪ ሮሪሳ፣ ነርሷ ሉላ፣ ሳሪስ ላይ ጫማ የሚሸጠው ሻፊ፣ የቦሌ ልጅ ነኝ የሚለው መሐንዲሱ ቀናው፣ እና ሀብተሚካኤል። ሀብተሚካኤል እግሩ ስለ ተላጠ እዚሁ ልረፍ ብሎ፣ ከአውቶቡሱ ፊት ባለው ጥላ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተጋደመ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አውቶቡሱ ቁልቁል ተንከባለለበት።

ኢንስፔክተር የሺሐረግ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ፣ አጠር ያለች ሴት ናት። ሣሩ ላይ ከካሳሁን ጎን ቁጢጥ አለች።

«ጋሽ ካሳሁን፣ ታኮ አድርገው ነበር?»

«አድርጌያለሁ። እንጨቱን ከፊት ጎማው ሥር ወሽቄዋለሁ።»

«የእጅ ፍሬኑስ?»

«ድሮም ደካማ ነው፤ ማርሹም ይወጣል። ባለቤቱ አሠራዋለሁ እያለ ይኸው ስንት ዓመቱ። ያለ ታኮ ቆሞ አያውቅም።»

«ታኮው ታዲያ የት አለ?»

ወጣቱ ፖሊስ ቀደመው። «መስቀያው ላይ ነው፣ ኢንስፔክተር። ከመሰላሉ ጀርባ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ከመጀመሪያውም አላወረዱትም ማለት ነው።»

ካሳሁን ወደ መሰላሉ ዞሮ አየ። ጣሪያው ላይ ወዳለው ዕቃ መጫኛ፣ ወደ ፖርቶ መጋላው፣ ከሚያስወጣው መሰላል ጀርባ፣ ለአላፊ ዐይን የማይታይ አንድ የመንጠቆ ብረት አለ፤ ታኮው በገመዱ የሚሰቀለው እዚያ ነው። ዛሬ ረዳቱ ታሞ ብቻውን ነው የመጣው። ረስቼ ይሆን እንዴ? ሲል አሰበ። እጁ ያስቀመጠበትን ጊዜ ለማስታወስ ሞከረ፤ ፍርሃቱ ግን ጠዋቱን በሙሉ ከራሱ ውስጥ ጠርጎ አውጥቶት ነበር።

«ሲንከባለል የት ነበሩ?»

«አውቶቡሱን እንዳቆምኩ ጄሪካን ይዤ ለራዲያተሩ ውኃ ልቀዳ ከኮረብታው ወዲያ ወረድኩ። ጩኸቱን የሰማሁት ስመለስ ነው።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«ማንም የለም።»

ኢንስፔክተሯ ተነሥታ ሉላን ጠራቻት። የሚነጋገሩት እዚያው አጠገቡ ስለ ነበር ካሳሁን ሁሉንም ይሰማል።

«ቁርስ ላይ ምን ስትጫወቱ ነበር?»

«የመተዋወቂያ ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ለማንም ያልነገረውን አንድ ነገር ይናገራል። ሀብተሚካኤል ተራው ሲደርስ፣ እኛ ቀልድ መስሎን ነበር፤ መንዳት በጀመረ ሰሞን ቃሊቲ መንገድ ላይ አንዲት ልጅ ገጭቶ ሳይቆም መሄዱን ነገረን። የመጋቢት አቦ ዋዜማ ነበር አለ። የያዘችው ጧፍ መስታወቱ ላይ ተበተነ አለ።»

ካሳሁን ቀና አለ። ከሰባት ዓመት በፊት፣ በመጋቢት አቦ ዋዜማ፣ አንድያ ልጁ ፍቅርተማርያም ጧፍ ልትገዛ ወጥታ ነው አስፋልት ላይ የቀረችው። ጧፉን አንድ በአንድ የለቀመው እሱ ራሱ ነበር። ገጪው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

«ከዚያ ማን ምን አለ?»

«ሻፊ ‹ሞተች ወይ?› አለው። ሮሪሳ ‹ሄደህ እጅህን ስጥ› ብሎ ተቆጣው። ቀናው ዓመቱን ጠየቀው። እኔ ዝም አልኩ፤ ፈርቼ ነበር። ጨዋታውም ፈረሰና ሁላችንም ለየብቻ ተበታተንን።»

የሺሐረግ ዘወር ብላ የካሳሁንን ፊት አየችው። «ምነው፣ ጋሽ ካሳሁን?»

መዋሸት አልቻለም። «ልጄ ናት» አለ።

ወጣቱ ፖሊስ አንድ እርምጃ ቀረበ፤ እጁም ወደ ካቴናው ሄደ። ካሳሁን ምን እንደተናገረ የገባው ያን ጊዜ ነው። ቅድም ቸልተኛ ሹፌር ነበር፤ አሁን ደግሞ የሚገድልበት ምክንያት ያለው ሰው ሆነ።

ኢንስፔክተሯ ሦስቱን ወንዶች በየተራ አነጋገረቻቸው። ሮሪሳ አፋፉ ላይ ቆሜ የወረዱትን በፉጨት ስጠራ ነበር አለ። ሻፊ ሐይቁን ፎቶ ሳነሳ ነበር አለ፤ «ስለ ፍሬን ምን አውቅልዎታለሁ፣ እኔ የማውቀው ጫማ ነው» ሲልም ጨመረ። ቀናው ቁጥቋጦ ውስጥ ለሽንት ገብቼ ነበር አለ። ለአንዳቸውም ምስክር የለም። ከዚያ ታኮውን በመሐረብ ይዛ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው፤ መሬቱንም ተንበርክካ ለረጅም ጊዜ አየች።

ፎቶ ተነሥቶ አስከሬኑ ከተወሰደ በኋላ «አውቶቡሱን ወደ ነበረበት ይመልሱልኝ» አለችው።

«እኔ?»

«እርስዎ።»

ካሳሁን መሪው ላይ ወጣ። ሌሎቹ ከኋላ ቆመዋል። ወደ ኋላ ሲነዳ አንድ ሰው ጮኸ፤ የሞተሩ ድምፅ ዋጠው። ከዚያ የአውቶቡሱ ጎን ሁለት ጊዜ በመዳፍ ተመታ። እግሩ ሳያስብ ፍሬኑን ረገጠ። ወርዶ ሲያይ የኋላው ጎማ ከአንድ የጎርፍ ቦይ አፍ ለመድረስ አንድ ስንዝር ቀርቶታል። የሺሐረግ ጎማውንም ቦዩንም አላየችም፤ ዐይኗ የሰዎቹ እጅ ላይ ነበር።

ሁሉንም በአውቶቡሱ ጎን ሰበሰበቻቸው።

«ይህ ታኮ ከመስቀያው አልወረደም ተብሎ ነበር» አለች። «ሆዱን እዩት። ጥቁሩ ጭቃ ገና አልደረቀም፤ መሬቱም ላይ ልኩ ታትሞ ቀርቷል። ስለዚህ ጋሽ ካሳሁን አልረሱም። ሌላ ሰው ነው ያወጣው።»

ካሳሁን እፎይ ማለት ነበረበት፤ አልቻለም። ታኮው ጎማው ሥር ከነበረ፣ የሰቀለው እጅ የማን እንደሆነ አወቀ። እስካሁን ለራሱ ነበር የፈራው።

«አውጪው ለምን አልጣለውም?» አለ ሻፊ። «ሣሩ ውስጥ ቢወረውረው ማን ያገኘዋል?»

«እኔንም ያስጨነቀኝ እሱ ነው። ጋሽ ካሳሁን ቢሆኑ ጎማው አጠገብ ትተውት ‹አፈትልኮ ወጣ› ይሉ ነበር። እሳቸው ቢሰቅሉት ራሳቸውን ማሰራቸው ነው። ደግሞም ቁርሱ ላይ አልነበሩም፤ የልጃቸውን ነገር የሰሙት ከሉላ አፍ ነው። ፊታቸውን አይቻለሁ። ታኮውን የሰቀለው ሰው አስቦ አልሰቀለውም። ደንግጧል፤ የደነገጠ ሰው እጁ የለመደውን ይሠራል። ይህን የለመደ የረዳት እጅ ነው። ፍሬኑ እንደማይዝ የሚያውቅ፣ የተደበቀውን መስቀያ ሳይፈልግ የሚያገኝ፣ በዚሁ አውቶቡስ ላይ የሠራ ረዳት።»

«ከእኛ መሀል ረዳት የለም» አለ ሮሪሳ።

«ቅድም አውቶቡሱ ወደ ቦዩ ሲሄድ አንተ እጅህን አወዛወዝክ። ሻፊ ጮኸ። አንዱ ግን ረዳት ‹ቁም› እንደሚለው ጎኑን ሁለት ጊዜ በመዳፉ መታ፤ ጋሽ ካሳሁንም ለሱ ነው የቆሙት። ያው ሰው ቁርስ ላይ ዓመቱን የጠየቀው ነው። ዕለቱ ተነግሮት ዓመቱን ብቻ የሚጠይቅ፣ ያን ዕለት ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ቀናው ዞሩ።

«እኔ የቦሌ ልጅ ነኝ» አለ ቀናው።

«ጋሽ ካሳሁን» አለች የሺሐረግ በዝግታ፤ «ይህ ልጅ ከእርስዎ ጋር ሠርቷል?»

አሥራ አራት ዓመቱ ላይ ከመናኸሪያ አንሥቶ ቤቱ ያስገባው፣ ከፍቅርተማርያም ጋር በአንድ ትሪ ያበላው፣ የማታ ትምህርት ቤት ያስገባው፣ ታኮ አይጣልም ይሰቀላል እያለ በቁጣ ያስተማረው ልጅ ነው። «አዎ» ብሎ ቢመልስ ለእራት ቤቱ ይገባል። የዚያ የማረሚያ ቤት በር ፊቱ ላይ ድቅን አለበት።

«አላውቀውም» አለ።

«ይህን ካሉ ዛሬ የሚታሰሩት እርስዎ ነዎት።»

«ይገባኛል። ታኮውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ሉላ አፏን በእጇ ይዛለች።

«ተዉ፣ ጋሼ» አለ ቀናው። ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረ። «አሳድገውኛል። ስድስት ዓመት እዚህ በር ላይ ቆሜ ሠርቻለሁ፤ አፍሬበት ነው የቦሌ ልጅ ነኝ ያልኩት። እሷ እህቴ ነበረች። ዓመቱን ሲነግረኝ ምንም አልመሰለውም፤ ሄዶ ተኛ። ባርኔጣውን ደፍቶ ሳየው ታኮውን በእግሬ መታሁት። አውቶቡሱ ከቆመ በኋላ እንዴት እንደሰቀልኩት አላስታውስም። እሳቸውን ሲይዟቸው ልናገር ነበር፤ ግን ፈራሁ፣ አፌ አልከፈት አለኝ።»

ካቴናው ሲገባለት እጁን ራሱ ዘረጋ። ወደ ፖሊስ መኪናው ሲወስዱት ካሳሁንን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

«እርስዎ ነፃ ነዎት፤ ልጆቹን ይዘው ይግቡ» አለችው የሺሐረግ።

ካሳሁን ግን ተከትሏት መኪናው ድረስ ሄደ። «ምግብ ማስገባት ይቻላል?»

«ይቻላል። ለጊዜው እኛ ጣቢያ ነው የሚቆየው። ነገ ጠዋት ይምጡ።»

«በኋላ ወደ ቃሊቲ ከወሰዱትስ?»

«እዚያም በጠያቂ ቀን ይገባሉ። ግን በሩ ላይ ምኑ ነዎት ብለው ይጠይቁዎታል።»

ካሳሁን በመስኮቱ በኩል የቀናውን አንገት አየ።

«አባቱ ነኝ» አለ። «ከአሁኑ እንዲያ ብለው ይጻፉልኝ።»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋን ከፍታ ጻፈችለት።