የረጋው መስመር

የኢንጂነር ኪዳነወልድ አስከሬን ከራዳሩ ምሰሶ ሥር ሳሩ ላይ ተዘርግቷል። ከሱሉልታ በላይ ባለው ኮረብታ ፀሐዩ ይፋጃል፤ ወፍ እንኳ አይሰማም።

ኢንስፔክተር ራዲያ የደኅንነት ቀበቶውን አገላብጣ አየች። አልተበጠሰም። በጀርባ በኩል፣ የለበሰው ሰው እጅ በማይደርስበት ቦታ ተፈትቷል።

በግቢው የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንደኛው ጥበቃው ኦቦ ቢቂላ ናቸው፤ ደም የነካው እጃቸው በካቴና ታስሯል።

«ምሰሶው ላይ ወጥተው ነበር?»

«በዚህ ጉልበቴ? ደረጃ ስወጣ እንኳ ሚስቴ ትስቅብኛለች። ጩኸት ሰምቼ ላነሳው ነው የሮጥኩት፣ ልጄ። አሁን ሊሰቅሉኝ ነው?»

ሁለተኛው ረዳት ተመራማሪው ሽመክት ነው። ራዲያን ወደ መቅጃው ክፍል አስገባት።

«ሲወድቅ እዚህ ነበርኩ። ሜዳው ማዶ ወደቆመው ብረት ሞገድ ልኬ፣ ተመልሶ የሚመጣውን ስቀዳ። ማሽኑ ያለ ሰው አይቀዳም። ይኸው፣ ስድስት ሰዓት።»

ስክሪኑ ላይ «6:00» ይላል። ከሥሩ ያለው መስመር እንደ ክር ቀጥ ብሏል።

የሟቹ ሚስት ሙሉዬ አላለቀሰችም።

«ቀትር ላይ ከምሰሶው ደወለልኝ፤ እዚያ ኔትወርክ ይሻላል። ‹ሽመክት የአየሩን መናወጥ ከውጤቱ እየፋቀ ነው፣ ዛሬ ለአለቆች እነግራለሁ› አለኝ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ።»

በማግስቱ ቀትር ላይ ራዲያ ሦስቱንም መቅጃው ክፍል ሰበሰበች። ፀሐዩ እንደ ትናንቱ ነው።

«ሽመክት፣ አሁን ቅዳልኝ።»

ቀዳ። መስመሩ ተንቀጠቀጠ፤ ወጣ፣ ወረደ።

«ብረቱ ተነቃነቀ?»

«አልተነቃነቀም።»

«አየሩ ነዋ። ፀሐይ መሬቱን ስታግለው አየሩ ይናወጣል። ሞገዱ በዚያ ውስጥ ሄዶ ሲመለስ አንዴ ይበረታል፣ አንዴ ይደክማል። ያሳየኸኝ ግን የረጋ ነው። እዚህ አየሩ የሚረጋው ፀሐይ ሳትበረታ ነው።»

«ማሽኑ ስድስት ሰዓት ይላል።»

«በፈረንጅ አቆጣጠር። ለእኛ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ፖሊስ ስድስት ካየ ቀትር ይለዋል ብለህ የጠዋቱን ቅጂ አሳየኸኝ። አሁን የቀዳኸው ምን ይላል?»

ስክሪኑ «12:00» ይላል። 

«የትናንት ቀትር ቅጂ የለም፤ አንተ እዚህ አልነበርክማ። ሊያጋልጥህ እንደሆነ በስልክ ሲናገር ሰምተህ ከኋላው ወጣህ፣ ቀበቶውንም ፈታህ።»

«ትንሽ ነው ያስተካከልኩት» አለ ሽመክት በዝግታ። «መስመሩን።»

ካቴናው ከኦቦ ቢቂላ እጅ ወልቆ በእሱ እጅ ገባ። ካቴናውን ያሰረው ፖሊስ ማሽኑን ሊያጠፋ ሲል ሙሉዬ ክንዱን ያዘችው።

«መስመሩ ይንቀጥቀጥ» አለች። «ኪዳነወልድ ‹እንዳለ ተዉት› ነበር የሚለው።»