የተጣለው ድምፅ

የሟቹን የኢንጂነር ሰይፈ ሚካኤልን ፊት የሸፈነው ካርታ ነበር። ከመቱ ከተማ የተጠራችው ኢንስፔክተር ጥሩአየሁ ከማንሳቷ በፊት ጥጉ ላይ የተጻፈውን የወረዳ ስም አነበበች፤ «ኖፓ» ይላል። አስከሬኑ ያለበት ድንኳን ግን የተተከለው ዳሪሙ ወረዳ ነው። ጭንቅላቱን የመታው መዶሻ እግሩ ሥር ወድቋል።

ሟች የሚሠራበት ጋዝ ፈላጊ ድርጅት «ገዳዩን» ከፖሊስ ቀድሞ አግኝቷል። ቡናቸው ለቅየሳው መስመር የተመነጠረባቸው ገበሬ፣ አቶ ነመራ፣ እጃቸው ታስሮ ፒክአፕ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ነመራ፣ ጠዋት እዚህ መጥተው ነበር?»

«መጥቼ ሰድቤው ሄድኩ። ስድብ ይገድላል እንዴ የኔ ልጅ? ቢገድልማ ሚስቴ አሥር ጊዜ ቀብራኝ ነበር።»

መክብብ የሚባለውን የድርጅቱን ባለሙያ የድምፅ መቅጃው በተጫነበት መኪና ውስጥ አገኘችው።

«ሥራችሁን ለማይገባው ሰው አስረዳኝ።»

«ከመሬት በታች ፈንጂ እናፈነዳለን፤ ሞገዱ ዐለት ነክቶ ሲመለስ መሬት ላይ የተከልናቸው መስሚያዎች ይቀዱታል። ከማሚቶው ተነስተን፣ የመለሰው ዐለት ጥብቅ ይሁን ጋዝ ያዘለ፣ ወደ ኋላ እናሰላለን። እዚያው አካባቢ ከተቆፈረ ጉድጓድ ልኬት ጋር ካልተመሳከረ ግን ስሌቱ ውሸት ነው።»

«ወደ ኋላ ማስላት የእኔም ሥራ ነው። የኖፓው ስሌት ተመሳክሮ ነበር?»

መክብብ አንገቱን ደፋ። «ጋሼ ሰይፈ ቸኩለው የሩቅ ቦታ ልኬት ተጠቀሙ። ጥብቅ ዐለት ነው ተባለ። ሲቆፈር ጋዙ ገንፍሎ ወጣ፤ ፋኦል የሚባል ሠራተኛ ሞተ።»

«ከፍንዳታው በፊት የሚሰማውን ሳይረን የሚነፋው ማን ነው?»

«እኔው፣ ከዚሁ። ነፍቼ አፈነዳለሁ። ኮቴ እንዳይቀዳ የእኛ ሰው ሁሉ ባለበት ይቆማል።»

«በሁለት ፍንዳታ መሃል ያለውስ?»

«ያ ጫጫታ ነው፤ እንጥለዋለን።»

«የጣላችሁትን አሳየኝ።»

ከቀትር በኋላ ድንኳኑ ፊት ሰበሰበቻቸው፤ ነመራን፣ መክብብን፣ የመስሚያ ተካዮቹን አለቃ ዱሬቲን። ተካዮቹ ራሳቸው ጠዋቱን ሙሉ ያለ አለቃቸው ወንዝ ማዶ ነበሩ። ዱሬቲ ክንዷን አጣምራ ቆማለች።

ጥሩአየሁ የተጣለው ቅጂ የታተመበትን ወረቀት ዘረጋች። «ጠዋት ወደ ድንኳኑ ሁለት ሰው መጥቷል። የአንዱ ኮቴ ሳይረን ሲነፋም ፈንጂ ሲፈነዳም ሳይቆም ይራመዳል።»

«እኔ ነኝ!» አሉ ነመራ። «ቁም እያሉ ሁልጊዜ ይጮኹብኛል።»

«ሁለተኛው ሲመጣ፣ ልክ ሳይረን ሲነፋ ቀጥ ይላል። ፍንዳታ። ይቀጥላል። ሲመለስም እንደዚያው። ሰው ሊገድል የሚሄድ ሰው ለሳይረን ቆመ! ይህን የሚያደርገው እግሩ ሥራውን የለመደ ብቻ ነው። ሳይረኑን ሲነፋ የነበረው መክብብ ከመኪናው አልወረደም። ደግሞም ድንኳኑ ውስጥ ካለው ካርታ ሁሉ የኖፓን መርጦ ሟች ፊት ላይ የሚያኖር ገበሬ የለም። ዱሬቲ፣ የአባትሽ ስም ማን ነው?»

«ቀነአ። የፋኦልም ቀነአ ነው።» ዓይኗ አልረጠበም። «ወንድሜን በቀበርኩ ማግስት ሰይፈ ምን አለኝ መሰለዎት? ‹ስሌት ነው፤ ይሳሳታል።› እኔ አልተሳሳትኩም።»

«ጋሽ ነመራስ ምን አደረጉሽ?»

አሁን ዓይኗን ሰበረች። «ቡናቸውን ያስመነጠረውም እሱ ነው። ቢሞት ደስ ይላቸዋል ብዬ…»

«ደስታውን በኋላ እናየዋለን» አሉ ነመራ። «መጀመሪያ ገመዱን ፍቱልኝ።»

ድርጅቱ ለሞት ሥራ አይፈታም፤ መክብብን ወደ መኪናው መለሱት። ዱሬቲን በመስሚያዎቹ መሃል ሲወስዷት ሳይረኑ ጮኸ። ፖሊሶቹ ሳይቀሩ ቆሙ። ዱሬቲ አልቆመችም። መሬቱን በተረከዟ እየደቃች ከመስሚያ ወደ መስሚያ ሄደች።

«መክብብ!» ብላ ጮኸች። «ይህን እንዳትጥለው!»