ቁስሉማ ደርቆ ነበር

ብታምኑም ባታምኑም ቆሜ ያየሁት ነው።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ። ሐዋሳ፣ ቱላ። ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያንጫጫዋል።

ጎረቤቴ ሐዳሳ የዝንጀሮ ፈንጣጣ ይዟት ለብቻዋ ተኝታ ከርማለች። ቁስሏ ሲደርቅ ባሏ አልአዛር ቸርች ወጥቶ "ሚስቴ ተፈውሳለች!" ብሎ መሰከረ። አልአዛር ማይክ ከያዘ መብራት ካልጠፋ አይለቅም።

ከዚያ ወዲህ ልታያት የምትመጣውን ነርስ፣ ኢየሩስን፣ ከበር ይመልሳት ጀመር።

ያን ቅዳሜ ሾርባ ይዤላት ገባሁ።

ቆዳዋ ጠርቷል። ትኩሳት የላትም። አያስላትም።

ከንፈሯ ግን... ጠቁሯል።

"ሐዳሳዬ፣ ምነው?"

"እትዬ... አየሩ... አይገባም..."

ፈገግ ብላ ነው የምትለኝ። ፈገግታዋ ነው ያስፈራኝ።

ለኢየሩስ ደወልኩ።

"ሳንባዋ ውስጥ ገብቶ እንዳይሆን!" አለች። "ቫይረሱ የሰውነትን ዘበኞች ያታልላል። 'ተኙ፣ ሰላም ነው' ይላቸዋል።"

"እንደኛ ሰፈር ዘበኛ በያቸው።"

አልሳቀችም።

"ዘግይተው ሲነቁ ይብሳል፣ እትዬ። ሌባውን ትተው ቤቱን ያቃጥላሉ። አሁኑኑ ሆስፒታል!"

አልአዛር በሩ ላይ ቆሟል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ...

"እትዬ ሙሉጌጥ... ከመሰከርኩ በኋላ ሐኪም ቤት ብወስዳት... ሰው ምን ይለኛል?"

"አንተ! እሷ ስትሞትስ ምን ብለህ ልትመሰክር ነው?"

ፊቱ አመድ መሰለ። አቅፏት ወደ ባጃጅ ሮጠ።

ባጃጁ ውስጥ ጣቶቿን ያዝኩ። በዚያ ሙቀት... በረዶ።

ሆስፒታል እንደደረስን የኦክስጅን ጭምብል አደረጉላት። አልአዛር ኮሪደሩ ላይ ተንበረከከ።

"ጌታ ሆይ፣ አፍረት ይሁንብኝ... ውሸታም ይበሉኝ... እሷን ብቻ መልስልኝ..."

ደጋግሞ። ድምፁ እስኪዘጋ።

ከዚያ ሐኪሟ ወደ ሐዳሳ አልጋ ጠራችን። ዓይናችንን አላየችም።

"ዘግይታችኋል።"

ጭምብሉን ከፊቷ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ኦክስጅኑን ዘጋች። አንሶላውን እስከ ግንባሯ ሳበችና ወጣች።

አልአዛር አላለቀሰም። ክንዴን ጨበጠ።

"እትዬ..." አለ በሹክሹክታ። "ጠረጴዛው ላይ... ይታይዎታል?"

ዞርኩ።

ባዶው ጭምብል ውስጡ በትንፋሽ እንፋሎት ደፈረሰ...

ጠራ...

ደግሞ ደፈረሰ።